አለሙ ከአለሙ ጋር ሲነጻጸር ዜሮ፦ በጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ ስለቀረበ ወሮታ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ዕቃ የጠፋበት ሰው በመብራት ምሰሶ ላይ በሚለጥፈው ወረቀት መጨረሻ «ላገኘልኝ ወሮታውን እከፍላለሁ» ብሎ ይጽፋል። ስታክ ኦቨርፍሎው በተባለው የፕሮግራመሮች የጥያቄና መልስ ድረ ገጽም ጥያቄው መልስ ያጣበት ሰው ተመሳሳይ ነገር ማድረግ ይችላል፤ ሌሎች ጽሑፎቹን ደግፈው ድምፅ ሲሰጡ ካጠራቀመው ነጥብ ቆርሶ ጥያቄው ላይ ያስቀምጣል፣ ጥሩ መልስ የሰጠው ሰው ይወስደዋል። ይህን አሠራር በዚህ ጽሑፍ «ወሮታ» እለዋለሁ። ሆኖም ሁለቱ አንድ ትልቅ ልዩነት አላቸው። የምሰሶው ወሮታ የሚከፈለው ዕቃው ሲገኝ ነው፤ የድረ ገጹ ግን ማስታወቂያው ገና ሲወጣ ከባለቤቱ ሂሳብ ይቀነሳል፣ መልስ ተገኘም አልተገኘም አይመለስም።

እዚህ የምመዘግበው በ2016 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ድረስ አንድ ወጣት ፕሮግራመር በቱሉ ዲምቱ የገጠመውን ችግር ነው። በዚያው በአንድ ጥያቄ ላይ ሁለት ጊዜ ወሮታ ቀርቦበታል፤ የመጀመሪያው ከሸፈ፣ ሁለተኛው ተሳካ። እኔ በሥራው ባልደረባው፣ በሁለተኛው ወሮታ ደግሞ ከፋዩ ነበርኩ። የሰዎቹንም ሆነ የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም።

ዳራው

ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድም የሚነሣው ከዚያው ነው። ወጣቱ የሚኖረው በኮንዶሚኒየሙ ሲሆን፣ ሥራውንም የሚሠራው በአብዛኛው ከቤቱ፣ በስልክ ዳታ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የላፕቶፑ ባትሪ እስከፈቀደለት ድረስ ነው። ደንበኛው በአቅራቢያው ያለ አነስተኛ የግል ክሊኒክ ነበር።

የክሊኒኩ ችግር ለማንኛውም የአማርኛ ስም መዝጋቢ እንግዳ አይደለም። የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሴት ናቸው፤ ስሙን በሰሙት መጠን ይመዘግባሉ። ከሰዓት በኋላ የምትተካቸው ልጅ ግን ያንኑ ስም በሌላ ፊደል ትጽፈዋለች። ጠዋት «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበው ሰው በሳምንቱ ከሰዓት ሲመጣ «አለሙ» ተብሎ ይፈለግና «የለም» ይባላል፣ አዲስ ካርድም ይወጣለታል። ሥዩምና ስዩም፣ ፀሐይና ጸሃይ፣ ኃይሉና ሀይሉም እንዲሁ ናቸው። ጉዳቱ በወረቀት መብዛት ብቻ አያቆምም፤ የደም ምርመራው ውጤት በመጀመሪያው ካርድ ላይ ሳለ ሐኪሙ የሚያየው ሁለተኛውን ነው።

ወጣቱ መፍትሔውን በሁለት ደረጃ ነድፎት ነበር፣ ንድፉም ትክክል ነበር። አንደኛው ደረጃ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ ማጠፍ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱትን አንድ ነገር ልብ ብሏል፤ «ዓ» ራብዕ ስለሆነ በተራው ብናጥፈው የምናገኘው «ኣ» ነው እንጂ «አ» አይደለም፣ ስለዚህ «ኣለሙ» እና «አለሙ» እንደገና ሁለት ሰው ይሆናሉ። በአ እና በሀ ቤተሰብ ግእዙንና ራብዑን አብሮ ማጠፍ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ደረጃ ስሙን ሦስት ሦስት ፊደል አድርጎ በመቆራረጥ ተመሳሳይነትን የሚያሰላው፣ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ይዞት የሚመጣው ትራይግራም የተባለ ተጨማሪ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ከቃሉ በፊት ሁለት፣ ከኋላው አንድ ባዶ ቦታ ጨምሮ ይቆራርጣል፤ በዚህም «አለሙ» አራት ቁርጥራጭ ይወጣዋል። «አለሙ» እና «አለማ» ቢነጻጸሩ ከስድስት የተለያዩ ቁርጥራጮች ሁለቱን ስለሚጋሩ ውጤቱ 0.33 ይሆናል፣ በነባሪነት ከተቀመጠው 0.3 ወሰን በላይ ስለሆነም ፍለጋው ያወጣዋል። «ዓለሙ» እና «አለሙ» ሳይታጠፉ ቢነጻጸሩ ግን ከሰባት አንዱን ብቻ ይጋራሉ፤ ውጤቱ 0.14 ነውና አይገናኙም። ማጠፉ የሚቀድመው ለዚህ ነው።

ችግሩ

ይህ ሁሉ በወጣቱ ላፕቶፕ ላይ እንደሚገባው ሠራ። ክሊኒኩ በተከራየው ሰርቨር ላይ ሲጫን ግን በአማርኛ የተፈለገ ስም ሁሉ ባዶ ዝርዝር አመጣ። ፕሮግራሙ አንድ ነው፣ የዳታቤዙ እትም አንድ ነው፣ ስሞቹም በማያ ገጹ ላይ ፊደላቸው ሳይበላሽ ይነበባሉ። በላቲን ፊደል የተመዘገቡ ጥቂት የውጭ አገር ታካሚዎች ስም ሲፈለግ ደግሞ ያለ ችግር ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ፍንጭ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዓይናችን ሥር ነበር፤ ሁለታችንም «የእነሱ ስም ቀላል ስለሆነ ነው» ብለን አለፍነው።

ሠራተኛዋ በሦስተኛው ቀን ወደ ድሮው መዝገብ ተመለሱ። «ልጄ፣ ይሄ ማሽንህ አማርኛ አይችልም» አሉት። «አይ እትዬ፣ ቤት ይችል ነበር» አላቸው። በኋላ እንደታየው ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ነጥብ የሌለው ሰው ወሮታ አይሰጥም

ወጣቱ ጥያቄውን በስታክ ኦቨርፍሎው ላይ አወጣ። ጣቢያው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2008 በጄፍ አትዉድና በጆል ስፖልስኪ ነው። ከእንግሊዝኛው ሌላ በስፓኒሽ፣ በፖርቹጋልኛ፣ በሩሲያኛና በጃፓንኛ የሚሠሩ እህት ገጾች አሉት፤ በአማርኛ የለውም። ስለዚህ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተጻፈ፣ ርዕሱም ሲተረጎም «የአማርኛ ፍለጋ በሰርቨር ላይ አይሠራም» የሚል ነበር። በአምስት ቀን ውስጥ አንድ የድጋፍ ድምፅ አገኘ፣ መልስ ግን አልመጣም። ሁለት አንባቢዎችም ጥያቄው በቂ ዝርዝር ስለሌለው እንዲዘጋ ድምፅ ሰጡ።

ወሮታ ለማቅረብ ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉ፤ ጥያቄው ከወጣ ሁለት ቀን ሊሞላው፣ አቅራቢውም ቢያንስ 75 ነጥብ ሊኖረው ይገባል። ወጣቱ የነበረው 11 ነጥብ ነው፤ አንዱ ለማንኛውም አዲስ ተመዝጋቢ የሚሰጥ፣ አሥሩ ከዚያች የድጋፍ ድምፅ የመጣ። አብሮት የሚኖረው ልጅ ይህን ሲሰማ «በብር ስንት ይሆናል?» ብሎ ጠይቆት ነበር። ጥያቄው የሚያስቅ አይደለም፤ በገንዘብ የሚሠራ አገልግሎትም ነበረና። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈተውና በ2006 የዘጋው የመልስ አገልግሎቱ ጠያቂው ከ2 እስከ 200 ዶላር እንዲያስቀምጥ ያደርግ ነበር። የስታክ ኦቨርፍሎው ነጥብ ግን ከገጹ ውጭ ምንም አይገዛም፤ የሚያስገኘው በገጹ ውስጥ መብት ብቻ ነው።

የነጥብ መሰብሰቢያው ጊዜ ሦስት ሳምንት ወሰደ። በዚህ መካከል አንድ አቋራጭ ተሞከረ፣ አልሠራምም። አንድ ወዳጁ በአንድ ምሽት፣ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ፣ ወጣቱ እስከዚያ የጻፋቸውን አምስት ጽሑፎች ሁሉ ደግፎ ድምፅ ሰጠለት። ከ61 ነጥብ ወደ 111 ዘለለ፤ በማግስቱ ገጹ ከአንድ ሰው ወደ አንድ ሰው የጎረፈውን ድምፅ ለይቶ ሰረዘው፣ ነጥቡም ወደ 61 ተመለሰ። ወጣቱ ተሸማቀቀ፤ እኔ ደግሞ ገጹ ከዚያ በላይ እርምጃ ስላልወሰደ እፎይ አልኩ። ከመጀመሪያዎቹ 11 ነጥቦች በላይ ያለው ሁሉ በሥራ የመጣ ነው። ለሌሎች ሰዎች ጥያቄ በሰጣቸው አራት መልሶች ስምንት የድጋፍ ድምፅ፣ በድምፅ 10 ነጥብ ሲሰላ 80 አገኘ። ከመልሶቹ ሁለቱን ጠያቂዎቹ ስለተቀበሏቸው 15 እና 15 ተጨመረ። ስድስት የማስተካከያ ሐሳቦቹ ሲጸድቁለት 12፣ አንድ የተቃውሞ ድምፅ ሲደርስበት 2 ተቀነሰ። ድምሩ 131 ሆነ።

የመጀመሪያው ወሮታ

ወሮታ ከ50 ጀምሮ በ50 እያደገ እስከ 500 ይደርሳል፤ ወጣቱ ትንሹን መረጠ። ከ131 ላይ 50 ወዲያውኑ ተቀንሶ 81 ቀረው። በዚህም የተቃውሞ ድምፅ የመስጠት መብቱን አጣ፤ ያ መብት 125 ነጥብ ይጠይቃልና። ጥያቄው ወሮታ ያላቸው ጥያቄዎች በሚዘረዘሩበት ክፍል ውስጥ ሰማያዊ ቁጥር ተለጥፎበት ወጣ፣ ለሰባት ቀንም ከመዘጋት ተጠበቀ። ሊዘጋ ጫፍ ላይ ለነበረ ጥያቄ ይህ ጥበቃ ራሱን የቻለ ጥቅም ነበር።

ተመልካች መጣ። ጥያቄው ሦስት ተጨማሪ የድጋፍ ድምፅ አገኘ፣ የወጣቱም ነጥብ 111 ደረሰ። ሦስት መልሶችም መጡ። አንደኛው ዳታቤዙን ትቶ የተለየ የፍለጋ ሶፍትዌር እንዲጭን በረጅሙ የሚመክር ነበር። ሁለተኛው ፊደላትን ስለማጠፍ፣ ወጣቱ አስቀድሞ ያደረገውን፣ ይነግረዋል። ሦስተኛው በጥሩ እንግሊዝኛ የተጻፈ፣ አንድም የተጨበጠ ነገር የሌለው መልስ ነበር፤ ገጹ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በማሽን የተጻፉ መልሶችን ስለሚከለክል በሰዓታት ውስጥ ተሰረዘ።

ወጣቱ አንዱም እንዳልጠቀመው በማየት ወሮታውን ለማንም ሳይሰጥ ጊዜው እንዲያልፍ ተወው፤ ነጥቡም ወደ እሱ የሚመለስ መስሎት ነበር። አልተመለሰም። ከፋዩ ካልወሰነ፣ ወሮታው ከቀረበ በኋላ ከተጻፉትና ቢያንስ ሁለት የተጣራ ድጋፍ ካላቸው መልሶች ብልጫ ያለው የወሮታውን ግማሽ በራሱ ጊዜ ይወስዳል። የተለየ ሶፍትዌር የመከረው መልስ ሦስት ድጋፍ ስለነበረው 25 ነጥብ ወሰደ። የቀረው 25 ለማንም አልደረሰም። የማይጠቅም መልስም በጥያቄው ሥር «+25» የሚል ምልክት ተለጥፎበት ዛሬም አለ፤ ይህ ከነጥቡ መጥፋት ይልቅ እኔን ይከነክነኛል፣ ለቀጣዩ አንባቢ የተሸለመ መልስ ይመስላልና።

በሁለቱ መካከል የተደረገው

ያው ሰው በዚያው ጥያቄ ላይ እንደገና ወሮታ ማቅረብ ከፈለገ የቀድሞውን እጥፍ ማቅረብ አለበት፤ ከ50 ቀጥሎ 100፣ ከዚያ 200። ወጣቱ 100 ቢሰጥ 11 ነጥብ ይቀረዋል፤ በሌሎች ሰዎች ጽሑፍ ሥር አስተያየት የመጻፍና የድጋፍ ድምፅ የመስጠት መብቱንም ያጣል። «ጋሼ፣ ልስጠው፤ ከዜሮ እጀምራለሁ» አለኝ። አልተስማማሁም። የእጥፍ ደንቡ የሚይዘው ያንኑ ሰው ስለሆነ፣ ሌላ ሰው በዚያው ጥያቄ ላይ ወሮታ ለማቅረብ አይከለከልም፤ እኔ ከነበረኝ 2,410 ነጥብ 100 ብከፍል ያለ ፈቃድ ማስተካከል የሚያስችለው የ2,000 ነጥብ መብቴ አይነካም። ከመክፈሌ በፊት ግን ጥያቄው እንደገና እንዲጻፍ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጥኩ።

በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ተቀምጠን የድሮውን ጥያቄ አብረን አነበብነው። ስለ ክሊኒኩ አንድ አንቀጽ፣ ስለ አማርኛ ፊደል ሁለት አንቀጽ፣ የፕሮግራሙ ሙሉ ኮድ፣ መጨረሻው ላይ «ለምን አይሠራም?» የሚል ነበር። አማርኛ የማያነብ ሰው ከዚህ ውስጥ የትኛው ውጤት ትክክል፣ የትኛው ስሕተት እንደሆነ ሊያውቅ አይችልም። «ዓለሙ» እና «አለሙ» አንድ ሰው መሆናቸውን እኛ ስላወቅን ሌላው የሚያውቅ መስሎን ነበር። ስለዚህ የሚመለከተው ሰው ፊደሉን ማንበብ ሳያስፈልገው ስሕተት መሆኑን የሚያይበት ምሳሌ መፈለግ ጀመርን።

መብራት ሲጠፋ ወጣቱ በላፕቶፑ ባትሪ ሰርቨሩ ላይ ገብቶ አንድ መስመር ጻፈ፤ «አለሙ» ከ«አለሙ» ጋር ያለው ተመሳሳይነት ስንት ነው? አንድ ቃል፣ ከራሱ ጋር። መልሱ 1 መሆን ነበረበት። ዜሮ ወጣ።

ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለን አየነው። ከዚያ ቁርጥራጮቹን የሚያሳየውን ትእዛዝ ሰጠው፤ በላፕቶፑ ላይ አራት ቁርጥራጭ የሚያወጣው ስም በሰርቨሩ ላይ ባዶ ቅንፍ ብቻ አወጣ። ለሳምንታት ስንፈልገው የነበረው ችግር በሁለት መስመር ተገለጠ፣ ምክንያቱን ግን አሁንም አላወቅነውም። ጥያቄው ከዚህ ተነሥቶ እዚያው ቦታው ላይ እንደ አዲስ ተጻፈ፤ ርዕሱ ቃሉ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር ለምን ዜሮ እንደሚሰጥ የሚጠይቅ፣ ይዘቱ ሁለቱ መስመሮችና የሁለቱ ማሽኖች ውጤት ጎን ለጎን፣ ቀጥሎም የዳታቤዙ እትም። ክሊኒኩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠቀሰ። ከአንድ ገጽ ተኩል ወደ አሥራ አራት መስመር ወረደ።

ሁለተኛው ወሮታና መልሱ

ሐሙስ ምሽት 2 ሰዓት ላይ 100 ነጥብ አቀረብኩ። በተያያዘው የማስታወሻ ሳጥን ውስጥ ሌላ ሶፍትዌር እንደማንፈልግ፣ ምክንያቱን ብቻ እንደምንፈልግ ጻፍኩ። ይህች ማስታወሻ ከጥያቄው ጋር ስለምትታይ በሚገባ ልትጻፍ ይገባል፤ በመጀመሪያው ዙር ወጣቱ ባዶ ትቷት ነበር።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰው በአስተያየት መስጫው «የሰርቨሩ ዳታቤዝ ሎኬል ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሎኬል ማለት ዳታቤዙ የየትኛውን ቋንቋ ደንብ እንደሚከተል የሚወስን ቅንብር ነው። ወጣቱ ዝርዝሩን አውጥቶ ለጠፈ። የፊደል ኮዱ ዩቲኤፍ-8 ነው፣ ስለዚህ ፊደላቱ ተስተካክለው ይቀመጣሉ፣ ይነበባሉም፤ የፊደል ዓይነት መለያው ግን «ሲ» ይላል። እሑድ ዕለት ሙሉው መልስ መጣ። በ«ሲ» ሎኬል ውስጥ ዳታቤዙ እንደ ፊደል የሚቆጥረው የእንግሊዝኛውን ሀ ሁ ብቻ ነው። ትራይግራሙ ፊደልና ቁጥር ያልሆነውን ሁሉ እንደ ሥርዓተ ነጥብ ስለሚጥል፣ «አለሙ» ለእሱ ሦስት ነጠላ ሰረዝ እንደማለት ነው፤ ሁሉን ጥሎ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ባዶ ከባዶ ጋር ሲነጻጸርም ዜሮ ይሰጣል። የላቲን ስሞች የሠሩት በዚህ ምክንያት ነበር። ሰርቨሩን መጀመሪያ ያቆመው ሰው የቋንቋ ቅንብር ሳያስቀምጥ ዳታቤዙን ስለፈጠረ ቅንብሩ «ሲ» ሆኖ ቀርቷል፤ የወጣቱ ላፕቶፕ ግን ሲጫን ጀምሮ ዩቲኤፍ-8 ሎኬል ይዞ ነበር።

መድኃኒቱም በመልሱ ውስጥ ነበር። ይህ ቅንብር ዳታቤዙ ከተፈጠረ በኋላ አይቀየርም። ስለዚህ የመረጃው ሙሉ ቅጂ ይወሰዳል፣ ከንጹሑ ቴምፕሌት (አዲስ ዳታቤዝ ከሚቀዳበት ባዶ መነሻ) ትክክለኛው ሎኬል ያለው አዲስ ዳታቤዝ ይፈጠራል፣ ቅጂውም እዚያ ይመለሳል። ወጣቱ ማክሰኞ ሌሊት፣ ክሊኒኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ይህን አደረገ። ረቡዕ ጠዋት ሠራተኛዋ «አለሙ» ብለው ጻፉ፤ «ዓለሙ» ወጣ።

ክፍያው

መልሱ ስለመፍትሔነቱ ጥርጥር አልነበረም፣ እኔ ግን አልከፈልኩም። ወሮታ ከቀረበ 24 ሰዓት ሳይሞላ መስጠት አይቻልም፤ ያ አልፏል። ያዘገየኝ ሌላ የተሻለ መልስ ይመጣ ይሆናል የሚል ሐሳብ ነበር፣ አልመጣም። ወጣቱ መልሱን ተቀብሎ አረንጓዴውን ምልክት ስላደረገበት ጉዳዩ የተዘጋም መሰለኝ። እዚህ ላይ ደንቡ ረቂቅ ነው። ወሮታውን ያቀረበው ራሱ ጠያቂው ቢሆን ኖሮ፣ በወሮታው ጊዜ የተጻፈን መልስ መቀበሉ ብቻ ጊዜው ሲያልቅ ሙሉ ወሮታውን ለመልሱ ያስተላልፈው ነበር። ከፋዩ እኔ ስለሆንኩ ግን የወጣቱ መቀበል እኔን አይተካም፤ ዝም ብል መልስ ሰጪው የሚደርሰው ግማሹ፣ 50 ነጥብ፣ እሱም መልሱ ሁለት ድጋፍ ካለው ነው።

ሰባቱ ቀን ሐሙስ ምሽት አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ለከፋዩ የ24 ሰዓት የመወሰኛ ጊዜ ይሰጠዋል። ሐሙስ ማታ እኔ ያለሁበት ሰፈር ኔትወርክ አልነበረም። ዓርብ ከቀትር በኋላ ወጣቱ ደውሎ «ጋሼ፣ 17 ሰዓት ላይ ያልቃል ይላል፤ 11 ሰዓት ማለት ነው፣ ግማሽ ሰዓት ቀረን» አለኝ። ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ስልኬን አውጥቼ፣ ገጹ እስኪከፈት ሁለት ጊዜ ደጋግሜ፣ ከመልሱ ጎን ያለውን ቁልፍ ተጫንኩ፤ 100 ነጥቡ ተላለፈ። ማታ ረጋ ብለን ስናየው ገጹ የሚጽፈው በዓለም አቀፉ ሰዓት ነበር፤ 17 ሰዓቱ በእኛ ምሽት 2 ሰዓት ነው፣ ማለትም ወጣቱ ሲደውል ሦስት ሰዓት ተኩል ይቀረን ነበር። ስሕተታችን የጠቀመን ወደ ፊት ስለተሳሳትን ነው። ሂሳቡ ወደ ኋላ ቢሆን ኖሮ እንግዳው ሰው ግማሹን ያጣ ነበር።

ለሌላ ጉዳይ የሚተርፈው

የሁለተኛው ወሮታ መጠን እጥፍ ስለነበረ ተሳካ የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እኔ አልስማማም። በመጀመሪያውም ዙር ተመልካች አልጠፋም፤ ሦስት መልስና ሦስት የድጋፍ ድምፅ መጥቷል። ወሮታ ዓይን ይስባል፤ የመጣው ዓይን የሚያየው ነገር ካላገኘ ግን ነጥቡን የሚፈልግ ሰው ባወቀው ይመልሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ እንደገና በተጻፈበት መልኩ ያለ ወሮታ ቢወጣ መልስ ያገኝ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ አልሞከርነውምና ማረጋገጥ አልችልም። ከእንግዲህ ግን ወሮታ ከማቅረቤ በፊት የጥያቄውን ቋንቋም ሆነ ፊደል የማያውቅ ሰው «ይህ ስሕተት ነው» ሊል የሚችልበት አንድ መስመር አለ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። በግእዝ ፊደል ለምንሠራ ሰዎች ይህ ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋል፤ መልስ ሰጪው «ሥ» እና «ስ» ለምን አንድ እንደሚሆኑ አያውቅም፣ አንድ ነገር ከራሱ ጋር እኩል መሆን እንዳለበት ግን ያውቃል።

ሁለተኛው ነገር የክፍያው ነው። ነጥቡ ሲቀርብ ጠፍቷልና መቆጠብ የሚባል የለም፤ ከፋዩ የሚወስነው ማን እንደሚያገኘው ብቻ ነው። ከቀረቡት መልሶች አንዱ እንኳ በከፊል የጠቀመ ከሆነ ለእሱ መስጠት፣ ገጹ ራሱ እንዲመርጥ ከመተው ይሻላል። ወጣቱ በመጀመሪያው ዙር ለሁለተኛው መልስ፣ ፊደል ስለማጠፍ ለጻፈው፣ ሙሉውን 50 ቢሰጥ ኖሮ አዲስ ነገር ባይማርበትም ቢያንስ ትክክለኛ መልስ ይሸለም ነበር። ሰባቱን ቀን ስንቆጥርም የስልካችን ሰዓት ላይ ማስታወሻ መሙላት ይገባል፤ ያውም በእኛ ሰዓት ተሰልቶ።

ከወዳጆች የሚሰበሰብ ድምፅ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አንድ ሌሊት አልቆየም። በአንጻሩ ለነጥብ ሲባል የተሰጡት አራት መልሶች ወጣቱን የሌሎችን ጥያቄ እንዲያነብ አስገድደውታል። አጭር ጥያቄ እንዴት እንደሚጻፍ የተማረው ከእኔ ይልቅ ከዚያ ይመስለኛል።

ያልተፈታው

በግንቦት መጨረሻ ሠራተኛዋ ሌላ ቅሬታ ይዘው መጡ። ፍለጋው አሁን ያገኛል፣ አንዳንዴ ግን ከሚገባው በላይ ያገኛል። በድሮው መዝገብ ስም ብዙ ጊዜ በአጭሩ ስለተጻፈ «ገ/ማርያም» ሲባል «ኃ/ማርያም» አብሮ ይወጣል። ወጣቱ በጣቱ ቆጠረው። እዝባሩ (/) ቃሉን ለሁለት ስለሚከፍለው «ገ» ሁለት ቁርጥራጭ፣ «ማርያም» አምስት ይወጣዋል፤ ሁለቱ ስሞች ከዘጠኝ የተለያዩ ቁርጥራጮች አምስቱን ይጋራሉ፣ ውጤቱም 0.56 ነው። ይህ ዓለሙና አለሙን ከለየው ወሰን በእጅጉ ይበልጣል። ወሰኑን ከፍ ቢያደርገው በፊደል ግድፈት የሚለያዩት ትክክለኛ ስሞች ይቀራሉ፤ ገ/ን ወደ ገብረ፣ ኃ/ን ወደ ኃይለ እየዘረዘረ ቢመዘግብ ደግሞ «ወ/» ወልደ ይሁን ወለተ ከሰውየው ወይም ከሴትየዋ ጾታ ካልሆነ በቀር ማወቂያ የለውም።

ጥያቄውን ጽፎ አሳየኝ፤ ስድስት መስመር ነው፣ ሁለቱ ስሞችና 0.56 ተቀምጠውበታል። እስካሁን አላወጣውም። የጾታውን ዓምድ በፍለጋው ውስጥ አስገብቶ መጀመሪያ ራሱ ሊሞክረው ይፈልጋል፤ ሠራተኛዋም እስከዚያው ድረስ ዝርዝሩ ረዘም ሲል በዓይናቸው ይለያሉ።